የሁለት መስመሮች አንግል ከጥምር እኩልታቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የቅዳሜ ተማሪዎችን ሒሳብ ማስጠናት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ክረምት ገብቶ ጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ክፍላችን ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ይበራል። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡት ልጆች ብርዱን ስላልለመዱት እጃቸውን እያሻሹ ይቀመጣሉ፤ ደብተራቸውን እንኳ ሳይገልጡ የሚያነሱት ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት መስመሮች በአንድ እኩልታ ተጠቅልለው ሲመጡ በመካከላቸው ያለውን አንግል በምን እናገኛለን?

ጥያቄው የሚከብዳቸው ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ቀመሩን ከሰማይ እንደ ወረደ ነገር አድርገው ስለሸመደዱት ነው። እኔ ደግሞ ይህ ቀመር ድሮ የምታውቁት ኳድራቲክ እኩልታ መሆኑን በደንብ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ያንን ያየ ተማሪ ቀመሩ ቢጠፋበት እንኳ እዚያው ፈተናው ወንበር ላይ ተቀምጦ መልሶ ያወጣዋል።

ለጽሑፍ እንዲመች ኤክስን «ኤ»፣ ዋይን «ዋ» እያልኩ አሳጥሬያለሁ። ኮፊሸንቶቹን (ከኤና ከዋ ፊት ያሉትን ቁጥሮች) ሀ፣ ለ፣ መ፤ ስሎፕን (የመስመሩን ተዳፋት) ስ ብያለሁ።

ጥምር እኩልታ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ እኩልታ ሁለት መስመር እንዴት ይይዛል?

እነዚህን ሁለት መስመሮች ውሰዱ፦ 2ኤ − ዋ = 0 እና ኤ − 3ዋ = 0። ሁለቱም በመነሻ ነጥቡ ያልፋሉ። አሁን ግራ ጎኖቻቸውን አባዙና ብዜቱን ከዜሮ ጋር አስተካክሉት።

(2ኤ − ዋ)(ኤ − 3ዋ) = 0

ቅንፎቹ ሲፈቱ 2ኤ² − 7ኤዋ + 3ዋ² = 0 ይሆናል። ጥምር እኩልታ የምንለው ይህንን ነው፤ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ማለት ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ዜሮ የሚሆነው ቢያንስ አንደኛው ዜሮ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ነጥብ ይህንን እኩልታ ካሟላ ወይ በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፣ ወይ በሁለተኛው ላይ ነው፣ ወይም ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

በእጃችሁ ሞክሩት። ነጥብ (1, 2)ን ስናስገባ 2 − 14 + 12 = 0 ይወጣል፤ ይህ የመጀመሪያው መስመር ነጥብ ነው። ነጥብ (3, 1)ን ስናስገባ 18 − 21 + 3 = 0 ይወጣል፤ ይህኛው የሁለተኛው ነው። ነጥብ (1, 1) ግን 2 − 7 + 3 = −2 ስለሚሰጥ ከሁለቱም ውጭ ነው። ይህንን ሳይሞክሩ ወደ አንግል የሚሮጡ ልጆች በኋላ ምን እየለኩ እንደሆነ ይጠፋባቸዋል።

ቀመሩ ምንድን ነው?

እኩልታው ሀ·ኤ² + ለ·ኤ·ዋ + መ·ዋ² = 0 ከሆነ፣

ታን(አንግል) = √(ለ² − 4·ሀ·መ) ÷ |ሀ + መ|

በምሳሌያችን ሀ = 2፣ ለ = −7፣ መ = 3 ነው። ላዕሉ √(49 − 24) = √25 = 5፣ ታሕቱ |2 + 3| = 5። ታንጀንቱ 1 ስለሆነ አንግሉ 45 ዲግሪ ነው።

ይህ ቀመር ከየት መጣ?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ወረቀትና አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

በመነሻ ነጥቡ የሚያልፍ መስመር (ቀጥ ብሎ ከቆመው በስተቀር) ስሎፑ ዋ ÷ ኤ ነው። ስለዚህ ጥምር እኩልታውን በሙሉ ለኤ² ብናካፍለው፣ ዋ ÷ ኤ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ስ ልንተካ እንችላለን።

መ·ስ² + ለ·ስ + ሀ = 0

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ይህ ተራ ኳድራቲክ እኩልታ ነው። ሁለቱ መልሶቹ የሁለቱ መስመሮች ስሎፖች ናቸው። ሁለት ነጠላ መስመሮችን የሚያውቅ ሁሉ አንግላቸውን ከስሎፖቻቸው የሚያገኝበትን መንገድ ያውቃል፦

ታን(አንግል) = |ስ₁ − ስ₂| ÷ |1 + ስ₁·ስ₂|

ይህ ደግሞ የመጣው ከትሪጎኖሜትሪ ነው፤ የሁለት አንግሎች ልዩነት ታንጀንት ነው። እያንዳንዱ መስመር ከአግድሙ አክሲስ ጋር የሚሠራው አንግል አለ፤ ስሎፑ የዚያ አንግል ታንጀንት ነው፤ እኛ የምንፈልገው የሁለቱን አንግሎች ልዩነት ነው።

የቀረው ኳድራቲኩ ስለ መልሶቹ የሚነግረንን መውሰድ ነው። የኳድራቲክ ቀመሩን አስታውሱ፤ ሁለቱ መልሶች የሚለያዩት በስኩዌር ሩቱ ፊት ባለው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ብቻ ስለሆነ ልዩነታቸው √(ለ² − 4·ሀ·መ) ÷ |መ| ነው። ብዜታቸው ሀ ÷ መ ነው፤ ስለዚህ 1 + ስ₁·ስ₂ ማለት (መ + ሀ) ÷ መ ነው። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ከላይም ከታችም ያለው መ ይጠፋፋል። የተረፈው ከላይ የጻፍኩት ቀመር ነው።

እንግዲህ ላዕሉ የዲስክሪሚናንቱ (የለ² − 4·ሀ·መ) ስኩዌር ሩት ነው፤ ሁለቱ ስሎፖች ምን ያህል እንደተራራቁ የሚነግረን ክፍል። ታሕቱ ደግሞ አንድ ሲደመር የስሎፖቹ ብዜት ከሚለው የመጣ ነው። ሁለቱን ቁራጮች ለይቶ ያወቀ ሰው ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች አብዛኞቹን ራሱ ይመልሳቸዋል።

የእኔ መጽሐፍ ቀመሩ ላይ 2 ቁጥር አለበት፤ የእርስዎ የለውም። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚነሡበት ቦታ ግን ይለያያል። ብዙ መጻሕፍት የመሃሉን ኮፊሸንት ሆን ብለው በ2 ተባዝቶ ይጽፉታል፦ ሀ·ኤ² + 2ግ·ኤ·ዋ + መ·ዋ² = 0። ግ ማለት የመሃሉ ቁጥር ግማሽ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀመሩ

ታን(አንግል) = 2√(ግ² − ሀ·መ) ÷ |ሀ + መ|

ይሆናል። በለ ቦታ 2ግ ብታስገቡ ከስኩዌር ሩቱ ውስጥ 4 ወጥቶ 2 ሲሆን ታዩታላችሁ። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ካየኋቸው ስህተቶች ሁሉ በብዛት የሚደጋገመው ይኸው ነው።

አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ ያንኑ 2ኤ² − 7ኤዋ + 3ዋ² = 0 ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ግ = −7 ብላ ጻፈች። 49 ሲቀነስ 6፣ 43። እርሳሷን አስቀምጣ ቀና አለች፤ «መምህር፣ የ43 ስኩዌር ሩት አይወጣም» አለችኝ። በግምት 6.56 ወስዳ ቀጠለችና ታንጀንቱ 2.62፣ አንግሉ 69 ዲግሪ ገደማ ሆነ። ስህተቷን አልነገርኳትም። ባለ ካሬ ወረቀት ሰጠኋትና መስመሮቹን ሣዪያቸው አልኳት። አንዱን ከመነሻው ወደ (1, 2)፣ ሌላውን ከመነሻው ወደ (3, 1) ሳበች፤ ፕሮትራክተሩን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። 45። ሁለተኛ ለካች። 45። ከዚያ ወረቀቱን ትታ ወደ እኩልታው ተመለሰችና −7 ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይህ ግማሹ አይደለም፤ ሙሉው ነው» አለች። ያንን ስህተት ከዚያ ወዲህ ስትደግመው አላየሁም።

እኔ ግማሽ የሌለበትን ቀመር የምመርጠው ለዚህ ነው። እኩልታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ታስገባላችሁ፤ ዲስክሪሚናንቱም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የለመዳችሁት ለ² − 4·ሀ·መ ነው። መምህራችሁ የግማሹን ካስተማረና በዚያ ከተካናችሁ ግን አትለውጡት። አንዱን ያዙ፤ ሁለቱን አታዳቅሉ።

ስሎፖቹን አግኝቶ መቀናነስ ብቻ አይበቃም? ታሕቱ ለምን አስፈለገ?

አይበቃም። ስሎፕና አንግል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስሎፓቸው 0 እና 1 የሆኑ ሁለት መስመሮችን እንውሰድ፤ ልዩነታቸው 1፣ አንግላቸው 45 ዲግሪ ነው። አሁን ስሎፓቸው 10 እና 11 የሆኑትን ተመልከቱ። ልዩነታቸው አሁንም 1 ነው። አንግላቸው ግን ታንጀንቱ 1 ÷ (1 + 110) ማለትም 1 ÷ 111 ስለሆነ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም ሊቆሙ ምንም ያልቀራቸው መስመሮች ስለሆኑ ተለጥፈው ነው የሚሄዱት። ታሕቱ ያንን የሚያርመው ክፍል ነው።

የምታውቁት መንገድ ላይ ልውሰዳችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 650ን ለ25,000 ስናካፍል አማካይ ስሎፑ 0.026 ይሆናል፤ አንግሉ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ። (የመንገዱ ርዝመትና አግድም ርቀቱ አንድ አይደሉም የምትሉ ልክ ናችሁ፤ አንግሉ ይህን ያህል ትንሽ ሲሆን ግን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም።) ሐረጎ ላይ የጭነት መኪና ሲያቃስት የሰማ ሰው አንድ ዲግሪ ተኩል ነው ቢባል አያምንም፤ ምክንያቱም አማካዩ ጠመዝማዛውንና ቀጥ ያለውን ዳገት አንድ ላይ አዋህዶታል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው። ስሎፕ ትንሽ በሆነበት ቦታ ስሎፑ እጥፍ ቢሆን አንግሉም እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ገደል ላይ ግን ስሎፕ እጥፍ ቢሆን አንግሉ ጥቂት ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ስሎፖችን ብቻ ቀንሶ አንግል አገኘሁ የሚል ሰው ሜዳውንና ገደሉን በአንድ ሜትር እየለካ ነው።

እኩልታውን ወደ ሁለት ቅንፎች መፍታት ካልቻልኩስ?

ቀመሩ የተሠራው ለዚያ ነው። ኤ² − 4ኤዋ + ዋ² = 0ን በሙሉ ቁጥሮች ወደ ቅንፍ ለመፍታት ብትሞክሩ ጊዜ ታባክናላችሁ። ቀመሩ ግን √(16 − 4) ÷ 2 = √12 ÷ 2 = √3 ይላል፤ አንግሉ 60 ዲግሪ ነው። ስሎፖቹን ማየት ከፈለጋችሁ 2 + √3 እና 2 − √3 ናቸው፤ የ75 እና የ15 ዲግሪ ታንጀንቶች። 75 ሲቀነስ 15፣ 60።

በቀላሉ ወደ ቅንፍ የሚፈታውን ግን ፍቱት። ሁለት ስሎፖች በእጃችሁ ሲኖሩ መልሱን በሁለት መንገድ ማመሳከር ትችላላችሁ።

በስኩዌር ሩቱ ውስጥ ዜሮ ወይም ነጌቲቭ ቁጥር ቢወጣስ?

ዜሮ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ተደርበዋል። 4ኤ² − 12ኤዋ + 9ዋ² = 0 ማለት (2ኤ − 3ዋ)² = 0 ነው፤ አንግሉ ዜሮ ነው። ነጌቲቭ ከሆነ መስመር የለም። ኤ² + ኤዋ + ዋ² = 0ን የሚያሟላው መነሻ ነጥቡ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚለካ አንግል አይኖርም። ከስኩዌር ሩቱ ውስጥ የነጌቲቩን ምልክት ሰርዞ መቀጠል ግን ውሸት መጻፍ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ሀ እና መ ሲደመሩ ዜሮ ሆኑብኝ፤ ካልኩሌተሩም ስህተት ነው አለኝ።

አብሽሩ፤ ስህተት አልሠራችሁም። ታሕቱ ዜሮ የሚሆነው የስሎፖቹ ብዜት −1 ሲሆን ነው፤ ይህም መስመሮቹ ቀጤ ነክ ናቸው ማለት ነው። 90 ዲግሪ ታንጀንት ስለሌለው ነው ካልኩሌተሩ እምቢ ያላችሁ።

ለምሳሌ 3ኤ² + 8ኤዋ − 3ዋ² = 0 ላይ 3 እና −3 ይደመራሉ፤ ዜሮ። ቅንፎቹ (3ኤ − ዋ)(ኤ + 3ዋ) ናቸው፤ ስሎፖቹ 3 እና −1/3። የመሃሉ ቁጥር 8 ቢሆን፣ 100 ቢሆን፣ ባይኖርም እንኳ አንግሉ ከ90 ንቅንቅ አይልም። የመሃሉ ቁጥር ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ያዞራቸዋል እንጂ አይለያያቸውም። ይህ በጣም ያምራል፤ በካሬ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ቁጥር እየቀያየራችሁ ሣሉትና እዩት። ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይም ከምንም ነገር በፊት የዳርና ዳር ቁጥሮችን ደምሩ፤ ዜሮ ከሆነ ወዲያው አለቀ።

ዋ² የሌለበት እኩልታ ቢመጣስ? ቀመሩን ስናወጣ ለመ አካፍለን ነበር እኮ።

ጥሩ ዓይን ነው። መ ዜሮ ሲሆን ከመስመሮቹ አንዱ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ስሎፕ የለውም። ቀመሩ ግን አሁንም ይሠራል። ኤ² − ኤዋ = 0ን ተመልከቱ፤ ኤ(ኤ − ዋ) = 0 ስለሆነ አንዱ የቆመው አክሲስ፣ ሌላው ዋ = ኤ ነው። በዓይን እንኳ 45 ዲግሪ ነው። ቀመሩም √(1 − 0) ÷ |1 + 0| = 1 ይላል። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ እኩልታውን ለዋ² አካፍሉና በኤ ÷ ዋ ተነሡ፤ መንገዱ ያው ነው፣ መድረሻውም ያው ነው።

ሁለት መስመሮች ሲቋረጡ ሁለት ዓይነት አንግል ይፈጥራሉ። ቀመሩ የሚሰጠኝ ሹሉን ነው ወይስ ዝርጡን?

ፍፁም ዋጋውን (የ| | ምልክቱን) ካልሰረዛችሁት ሹሉን ነው። ዝርጡን ከጠየቁ ከ180 ቀንሱት።

ፍፁም ዋጋውን የሚዘነጉ ልጆች ግን ይወድቁበታል። ኤ² − 3ዋ² = 0ን ውሰዱ። ላዕሉ √12፣ ታሕቱ 1 − 3 = −2 ነው። ያለ ፍፁም ዋጋ −√3 ይወጣና 120 ዲግሪ ትላላችሁ። 120 እዚያ ሥዕል ላይ በርግጥ አለ፤ የተጠየቃችሁት ግን ሹሉ ከሆነ መልሱ 60 ነው። በጥያቄው ውስጥ «ሹል» የሚለውን ቃል ሳይከብቡ መጀመር የለም፤ ክፍሌ ውስጥ ይህ ሕግ ነው።

እኩልታው ኤ ብቻ፣ ዋ ብቻ እና ነጠላ ቁጥርም ቢኖረው ምን አደርጋለሁ?

ለምሳሌ ይህን፦ 2ኤ² − 7ኤዋ + 3ዋ² − 3ኤ − ዋ − 2 = 0

ብዙዎች ያዩትና ይደነግጣሉ። አንግሉ ግን ያው 45 ዲግሪ ነው። ምክንያቱን አስቡት። 2ኤ − ዋ + 1 = 0 የሚለው መስመር ከ2ኤ − ዋ = 0 ጋር ትይዩ ነው፤ የተጨመረው 1 መስመሩን ገፋ ያደርገዋል እንጂ አያዞረውም። ሁለት መስመሮችን ሳታዞሩ ብትገፏቸው የሚገናኙበት ቦታ ይቀየራል፤ አንግላቸው ግን አይቀየርም። የፊቶቹ ሦስት አባላት (የኤ²፣ የኤዋ እና የዋ²) የሚመጡት ደግሞ ከኤና ከዋ ኮፊሸንቶች ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ከፊት ወስዳችሁ ቀሪውን ትታችሁ ቀመሩን ትሠራላችሁ።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። እኩልታው በእርግጥ የሁለት መስመሮች መሆኑን ማረጋገጥ አለባችሁ። የፊቱ ክፍል (2ኤ − ዋ)(ኤ − 3ዋ) ስለሆነ፣ ሙሉው (2ኤ − ዋ + ቀ)(ኤ − 3ዋ + በ) መሆን አለበት። ሲባዛ የኤ ኮፊሸንት ቀ + 2በ፣ የዋ ኮፊሸንት −3ቀ − በ፣ ነጠላው ቁጥር ቀ·በ ይሆናል። ከእኩልታው ጋር ስናስተያይ

ቀ + 2በ = −3 እና −3ቀ − በ = −1

ከሁለቱ ቀ = 1፣ በ = −2 ይወጣል። አሁን ሦስተኛውን ፈትኑ፤ ቀ·በ = −2። እኩልታው ላይ ያለው ነጠላ ቁጥርም −2 ነው። ገጠመ፤ እውነትም ሁለት መስመሮች ናቸው።

ነጠላው ቁጥር ከ−2 ይልቅ 5 ቢሆንስ? አይገጥምም። ያን ጊዜ የምታዩት ሁለት መስመሮች ሳይሆን ሃይፐርቦላ የሚባል ኩርባ ነው። የፊቱ ክፍል ያን ጊዜም 45 ዲግሪ ይሰጣችኋል፤ ይህ ግን የሃይፐርቦላው አሲምፕቶቶች አንግል ነው፤ ኩርባው እየተጠጋቸው የማይነካቸው የሁለቱ መስመሮች። «በመስመሮቹ መካከል ያለው አንግል» ተብሎ ከተጠየቀ ግን መስመሮች የሉም ብሎ መመለስ ነው ትክክሉ።

አንግሉ ተሰጥቶ የመሃሉ ቁጥር ቢጠየቅስ?

2ኤ² + ለ·ኤዋ + 3ዋ² = 0 ላይ አንግሉ 45 እንዲሆን ለ ስንት ይሁን ቢባል፦ √(ለ² − 24) ÷ 5 = 1፤ ለ² = 49። መልሱ 7 ብቻ አይደለም፤ 7 ወይም −7 ነው። −7 ስሎፖቹ ፖዘቲቭ የሆኑትን መስመሮች ይሰጣል፤ 7 ደግሞ በመስተዋት የታዩትን፣ ወደ ሌላው ጎን የተጋደሙትን። አንግሉ በሁለቱም ያው ነው። ግማሽ ማርክ የሚጠፋው እዚህ ነው።

አንግሉን እኩል የሚከፍሉት መስመሮች እኩልታ አለ?

አለ፤ እሱም ራሱ ጥምር እኩልታ ነው፦ ለ(ኤ² − ዋ²) = 2(ሀ − መ)·ኤዋ። ለምሳሌያችን 7ኤ² − 2ኤዋ − 7ዋ² = 0 ይሆናል። 7 እና −7 ሲደመሩ ዜሮ መሆናቸውን አያችሁ? ሹሉን የሚከፍለውና ዝርጡን የሚከፍለው ሁልጊዜ ቀጤ ነክ ናቸው።

ይህ ነገር በሕይወታችን ምን ላይ ይውላል?

እውነቱን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የጣሪያ እንጨት የሚገጥም አናጺ ጥምር እኩልታ አይጽፍም፤ እሱ አንግሉን በመሣሪያ ይለካዋል። ከደሴ፣ ከባቲና ከከሚሴ የሚመጡት መንገዶች ኮምቦልቻ ላይ በምን አንግል እንደሚገናኙ የሚፈልግ ቀያሽም እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ነው የሚያውቀው። ጥምር እኩልታ የሚመጣው አንድ የሁለተኛ ደረጃ እኩልታ ይዛችሁ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቁ ስትቀሩ ነው። ክብ፣ ኤሊፕስ፣ ፓራቦላ፣ ሃይፐርቦላ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ እኩልታዎች ናቸው፤ ጥንድ መስመሮችም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ለ² − 4·ሀ·መ የሚለው ቁጥር የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ቦታ ገብታችሁ ኢንጂነሪንግ ስታጠኑ ይህንኑ ሐሳብ በማትሪክስ ልብስ ታገኙታላችሁ። ዛሬ በእጃችሁ ሠርታችሁ ያያችሁት ሰዎች ያን ጊዜ አትደናገጡም።

ጂኦሜትሪን በእኩልታ የመጻፍ ሐሳብ ራሱ ዕድሜ አለው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ሥራውን ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1637 ነው። ከዚያ በፊት መስመር ይሣላል፤ ቁጥር ይሰላል፤ ሁለቱ እንዲህ ተጋብተው የሚታዩት አልፎ አልፎ ብቻ ነበር።

መልሴ ትክክል መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

ሁለት መንገድ እመክራለሁ። አንደኛው እኩልታውን በሙሉ በ2 አባዝቶ እንደገና መሥራት ነው። 4ኤ² − 14ኤዋ + 6ዋ² = 0 ላይ √(196 − 96) ÷ 10 = 1 ይወጣል፤ መስመሮቹ ስላልተቀየሩ አንግሉም መቀየር የለበትም። ከተቀየረ ስሌቱ ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር አለ። ሁለተኛው መሣል ነው። ካሬ ወረቀትና ፕሮትራክተር ከምትገምቱት በላይ ታማኝ ናቸው፤ በፈተና ላይ ባይኖሩም በእጅ የተሣለ ሻካራ ሥዕል 69ን ከ45 ይለያል።

ለመሞከር ሦስት እተውላችኋለሁ፦ 6ኤ² − ኤዋ − ዋ² = 0፣ 2ኤ² + 3ኤዋ − 2ዋ² = 0፣ ኤ² − 6ኤዋ + 9ዋ² = 0። መልሶቹ በቅደም ተከተል 45 ዲግሪ፣ 90 ዲግሪ እና ዜሮ ናቸው። ሁለተኛውን ስኩዌር ሩት ሳትነኩ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ቅንፍ ብቻ አይታችሁ መመለስ አለባችሁ።